የኡፕሳላ ክረምት የሚዘጋጀው በመስከረም ነው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ነሐሴ ለማስተርስ ወደ ስዊድን፣ ኡፕሳላ እሄዳለሁ። ትምህርቱ ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው። እዚያ የነበረች ዘመዴ ‹ጨለማው ያሳብዳል› ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ የሉሲያን በዓል፣ ሻማውንና የተማሪውን ድግስ አውርታ አትጠግብም። የቷን ልመን? ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጾመ ነቢያትን እጾማለሁ፤ መጠጥ አልጠጣም። ይሄ ከሰው ይነጥለኝ ይሆን? ገናንስ እንዴት አሳልፋለሁ? ሻንጣዬ ውስጥስ ምን ልክተት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም እመኛቸው። ዘመድሽም ጓደኛሽም የኖሩትን ነው የነገሩሽ። ልዩነታቸው የመጣው ከመስከረም ይመስለኛል።

እዚህ ስዊድን ለውጭ ተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በኖቬምበር ቢሮዬን የሚያንኳኩት ተማሪዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሴፕቴምበር ላይ፣ ፀሐዩ እያለ፣ ለምንም ነገር ስማቸውን አላስመዘገቡም። «መጀመሪያ ትምህርቱን ልልመድ፤ ሰው ቀስ ብዬ እተዋወቃለሁ» ብለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ያስኬዳል። ጎረቤት ቡና ይጠራሻል፤ ባትጠሪም ትገቢያለሽ። ስዊድን ውስጥ ሰው ሳይጠራ አይሄድም፤ ሳይቀጣጠርም አይጠራም። ልብስ ለማጠብ እንኳ ከሕንፃው የጋራ ማጠቢያ ክፍል ሰዓት ይያዛል። ሰውነትሽ ሲደክምና ከአልጋ መነሳት ሲከብድሽ አዲስ ቀጠሮ ለመያዝ ጉልበት አይኖርሽም። ስለዚህ የክረምቱን ቀጠሮ በበጋ ጉልበትሽ ያዢው። ይሄ ነው ዋናው ምክሬ። የቀረው ዝርዝሩ ነው።

ጨለማውን በቁጥር እንየው፤ በወሬ ሲሆን ይገዝፋል። ኡፕሳላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በጣም አጭሩ ቀን ዲሴምበር 21 አካባቢ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 12 መሆኑ ነው። ያን ቀን ፀሐይ በእኛ ሰዓት ለጠዋቱ 3 ጥቂት ሲቀር ትወጣና ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ሙሉ ቀኑ 6 ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭር ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ላይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ 7 ዲግሪ አትሞላም፤ ከሕንፃውና ከዛፉ ጀርባ እየተሹለከለከች ታልፋለች። ደመና ከኖረ ደግሞ ጭራሽ ሳታያት ትመሺያለሽ። ሆኖም የኡፕሳላን ወሬ ከሰሜኑ ወሬ ጋር አታደባልቂው። ፀሐይ ለሳምንታት ሳትወጣ የምትቀረው ኪሩና፣ ወይም የኖርዌይዋ ትሮምሶ ላይ ነው። ኡፕሳላ ላይ አጭርም ብትሆን በየቀኑ ትወጣለች።

ሰው ሁሉ ዲሴምበርና ጃንዋሪን ይፈራል። እኔ የምፈራላችሁ ኖቬምበርን ነው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቅዳሜ በብርሃን የተመለስሽበት መንገድ ሰኞ ይጨልምብሻል። በረዶው ደግሞ ገና ነው። በረዶ ሲወርድ መሬቱ ነጭ ስለሚሆን የመንገዱን መብራት መልሶ ይረጨዋል፤ ከተማው ይፈካል። ኖቬምበር ላይ ግን አስፋልቱ ጥቁር፣ ቅጠሉ የበሰበሰ፣ ዝናቡ የማያቋርጥ ካፊያ ነው። ያኔ የምትሄጂባት አንዲት ቦታ ልንገርሽ። ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 6 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውለው ቅዳሜ የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነው። ስዊድኖች የዘመዶቻቸው መቃብር ላይ ሻማ ያበራሉ። ሲመሽ ወደ ኡፕሳላ አሮጌው መካነ መቃብር ሂጂ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ዳግ ሐመርሾልድ የተቀበረው እዚያ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሻማ ሳሩ ላይ ይበራል፤ ቤተሰብ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ሃይማኖት የለንም የሚሉ ስዊድኖች እንኳ ያን ምሽት አይቀሩም። ስለ አገሩ ሰው ብዙ የሚነግርሽ ምሽት ነው።

አሁን ወደ መስከረም ልመለስ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1477 የተመሠረተ፣ በስካንዲኔቪያ ካሉት ሁሉ አንጋፋ ነው። የተማሪው ኑሮ የሚሽከረከረው ግን ግቢው ውስጥ ሳይሆን «ኔሽን» በሚባሉት 13 የተማሪ ማኅበራት ዙሪያ ነው። ጥንት ተማሪ የሚገባው በመጣበት ክፍለ አገር ማኅበር ነበር። ስማቸው አሁንም የክፍለ አገር ስም ነው፤ አንቺ ግን ደስ ያለሽን ትመርጫለሽ። እስከ 2010 ድረስ አባልነት ግዴታ ነበር። አሁን በፈቃድ ነው፤ በየመንፈቀ ዓመቱ የሚከፈለው መዋጮም ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ቤት፣ ካፌ፣ መጠጥ ቤት፣ መዘምራን፣ የስፖርት ቡድን አለው። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኔሽን ውስጥ ደንበኛ ሆነሽ ከገባሽ ቡናሽን ጠጥተሽ ትወጫለሽ፤ ማንም አያናግርሽም። ሠራተኛ ሆነሽ ከገባሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእሑድ ቁርስ የምታዘጋጅ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ወጥ ቤት የምትገባ ልጅ እስከ ኖቬምበር ድረስ ስሟን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች ይኖሯታል። ስዊድናዊ ዝም ብሎ ቆሞ ማውራት ይጨንቀዋል። ሽንኩርት እየከተፈ ግን ሕይወቱን ይዘረግፍልሻል። ለሠራተኞቹ በመጨረሻ የምስጋና እራት ይደረጋል። ይሄን የምልሽ ለገንዘቡ አይደለም፤ ክፍያው ኢምንት ነው። ድምፅ ካለሽ ደግሞ መዘምራን ውስጥ ግቢ። የድምፅ ፈተናው የሚደረገው በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ ካለፈሽ አለፈሽ። ቤተ ክርስቲያን ያደገች ልጅ የምታፍርበት ነገር አይኖርም።

የትምህርቱን አካሄድም እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ ከክረምቱ ጋር ይያያዛልና። እዚህ ብዙ ጊዜ ኮርሶቹን በየተራ ነው የምትወስጂው። አንዱን ለ5 ወይም ለ10 ሳምንት ትማሪና ትፈተኛለሽ፤ ከዚያ ሌላው ይጀምራል። ክፍል የምትገቢበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ የቀረው የራስሽ ንባብ ነው። ይሄ መጀመሪያ ነፃነት ይመስላል። በኖቬምበር ግን ክፍልሽ ውስጥ ተዘግተሽ እንድትቀሪ የሚያደርግሽ እሱ ነው። ስለዚህ ክፍለ ጊዜ ባይኖርሽም ጠዋት ተነስተሽ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። «አካዳሚክ ሩብ» የሚሉትን ልማድም እወቂው፦ ትምህርቱ 10 ሰዓት ይላል፣ መምህሩ የሚጀምረው 10 ከሩብ ላይ ነው። ይሄ ለትምህርት ብቻ ነው። እራት 7 ሰዓት ከተባለ 7 ሰዓት ነው። እነዚህ 10 እና 7 ሰዓትም ሆኑ እዚያ የሚነገርሽ ሰዓት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሺ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በ6 ሰዓት ልዩነት ቀጠሮ ያመለጠው የእኛ ሰው አንድ ሁለት አይደለም።

ታኅሣሥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። አድቬንት ከገና በፊት ያለው የዝግጅት ጊዜያቸው ነው፤ የመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ጊዜ ይውላል። የእኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ወይም ኖቬምበር 24 ስለሚገባ፣ አንቺ ጾም በጀመርሽ በቀናት ውስጥ እነሱ የገናን ጊዜ ይጀምራሉ ማለት ነው። ያን እሑድ ከተማው ሁሉ መስኮቱ ላይ ሰባት አምፖል ያለው፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ጎን የሚወርድ መቅረዝ ያስቀምጣል፤ ወይም የወረቀት ኮከብ ይሰቅላል። ያላስቀመጠ ቤት ፈልጊ ብልሽ ትደክሚያለሽ። አንድ ግዢ። ሰልባጅ ቤት በርካሽ ይገኛል። ክፍልሽን ከማሞቁ ይልቅ ከውጭ ስትመለሺ የራስሽን መስኮት ከሩቅ መለየትሽ ነው ጥቅሙ።

ሉሲያ በዲሴምበር 13 ነው፤ ታኅሣሥ 4። ቅድስት ሉሲያ በሲሲሊዋ ሲራኩስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰማዕት የሆነች ወጣት ናት። ጣሊያናዊት ሰማዕት የሉተራን አገር ውስጥ ምን ትሠራለች ትዪ ይሆናል። ስዊድን እስከ 1753 በአሮጌው የጁልያን የቀን አቆጣጠር ስትኖር፣ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት በሉሲያ ቀን አካባቢ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በሕዝቡ ዘንድ ያ ሌሊት የሚፈራ፣ እርኩስ መንፈስ የሚዞርበት ነበር። ነጭ የለበሰች፣ ራሷ ላይ ሻማ ያደረገች ልጅ ማለዳ ቁርስ ይዛ መግባቷ ግን በጽሑፍ የሚገኘው ከ1764 ጀምሮ፣ በምዕራብ ስዊድን ካሉ የባለጸጋ ቤቶች ነው። መላው አገር የያዘው ደግሞ በ1927 አንድ የስቶክሆልም ጋዜጣ የሉሲያ ምርጫ ውድድር ካዘጋጀ በኋላ ነው። «ጥንታዊ ወግ ነው» ሲሉሽ ፈገግ በይና እለፊ።

ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ጠዋት፣ ገና ድቅድቅ ጨለማ ሳለ፣ አዳራሹ መብራቱ ይጠፋል። ከሩቅ መዝሙር ይሰማል። ነጭ ቀሚስ የለበሱ በሰልፍ ይገባሉ። ከፊት ያለችው የሻማ አክሊል ደፍታለች፤ ወገቧ ላይ የሰማዕትነት ምልክት የሆነ ቀይ መቀነት ታስራለች። ከኋላዋ ሻማ የያዙ ሴቶች፣ ሹል ቆብ ያደረጉ ወንዶች አሉ። የዋናው መዝሙር ዜማ ከጣሊያኗ ናፖሊ የመጣ ነው። ኡፕሳላ ላይ በካቴድራሉ፣ በየኔሽኑ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየትምህርት ክፍሉ ይዘመራል። ነጠላ ለብሶ ጧፍ ይዞ ቆሞ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ የእኛ ልጆች እንባ የሚቀድማቸው እዚህ ጋ ነው። ከቻልሽ ተመልካች አትሁኚ። ሰልፉ የሚዘጋጀው በኖቬምበር ስለሆነ መዘምራን ውስጥ ካለሽ ቦታሽ አስቀድሞ ተይዟል። ለዚህ ነው መስከረም፣ መስከረም የምልሽ። ተሳታፊ ከሆንሽ ያ የተረገመ ኖቬምበር የልምምድ ወር ይሆንልሻል።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ከአዲስ አበባ ውጭ ለጾመኛ ከስዊድን የተመቸ አገር ብዙ አይመስለኝም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ «ቬጋንስክ» ተብሎ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ በየምሳ ቤቱ ይቀርባል። ለምን እንደማትበዪ የሚጠይቅሽ የለም፤ ከጠየቀሽም ከልቡ ሊያውቅ ነው። የሉሲያ ዕለት የሚበላው ቢጫ የሳፍሮን ዳቦ፣ ሉሰካት የሚሉት፣ ወተትና ቅቤ አለበት፤ እሱ ይለፍሽ። ፔፓርካካ የሚባለው ቀጭን የዝንጅብል ብስኩት ግን ሱቅ ከሚሸጠው ብዙው የጾም ነው፤ ብቻ ጀርባውን አንብቢ። ግሎግ የሚባል ቅመም ያለው ትኩስ መጠጥም ያቀርቡልሻል። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ነው ማለት አልኮል የለውም ማለት አይደለም። በአገሩ ሕግ ሱፐርማርኬት እስከ 2.25 በመቶ አልኮል ያለው ግሎግ መሸጥ ይችላል። «አልኮሆልፍሪ» የሚለውን ፈልጊ።

መጠጥ አለመጠጣትሽ የሚያሳስብሽ ምናልባት «ጋስክ» ላይ ይሆናል። ጋስክ የኔሽኖቹ ወግ ያለው እራት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የተመደበ ወንበር፣ ሦስት ዙር ምግብ፤ በየመሃሉ ከዘፈን መጽሐፍ ይዘፈናል፣ ጽዋ ይነሳል። ዘፈኖቹ ግማሾቹ የአረቄ ውዳሴ መሆናቸውን አልደብቅሽም። ነገር ግን ስትመዘገቢ ቅጹ ሁለት ነገር ይጠይቅሻል፦ የምትበዪውን ምግብና መጠጡ ከአልኮል ጋር ነው ወይስ ያለ አልኮል። ያለ አልኮል ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል። ጽዋ ስታነሺ ግራና ቀኝሽን፣ ከዚያ ፊት ለፊትሽ ያለውን ዓይን ዓይኑን እያየሽ አንሺ፤ ውኃም ቢሆን ማንም ግድ የለው። በዘፈን መሃል ተነስቶ መውጣት ግን ነውር ነው። አውቶቡስ ላይ አጠገብሽ ላለመቀመጥ የሚቆመው ሰውዬ ጋስክ ላይ ጎንሽ ከተመደበ ሌሊቱን ሙሉ ያጫውትሻል። ወንበሩ ስለተመደበለት ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል መሰለኝ።

ልብሱን በተመለከተ የሐበሻ ቀሚስሽን ያዢ። እዚህ አገር ትልቁ የክብር ልብስ፣ ፍራክ (የወንዶች ባለ ጅራት ኮት) እና ረጅም ቀሚስ፣ በሚጠየቅበት ግብዣ ሁሉ የአገር ባህል ልብስ እኩል ተቀባይነት አለው። በዲሴምበር 10 ስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት በሚደረገው የኖቤል እራት ላይም ደንቡ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ እዚያ እራት ላይ ለስዊድን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዕጣ የሚሰጥ ጥቂት ቦታ አለ። ማን ያውቃል።

ከሉሲያ በኋላ የሚመጣው ነው ሁለተኛው ፈተና። ከዲሴምበር 20 ገደማ ጀምሮ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ይበተናል። የምትኖሪው እንደ አብዛኛው ተማሪ የራስሽ መኝታ ቤት፣ የጋራ ወጥ ቤት ባለው «ኮሪደር» ከሆነ ቤቱ ጭር ይላል። ኔሽኖቹ ይዘጋሉ። የእነሱ ዋናው በዓል ዲሴምበር 24 ምሽት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው ጸጥ ይላል። ከ1960 ጀምሮ በዚያን ቀን በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ላይ የሕዝቡ ቴሌቪዥን የዶናልድ ዳክ ካርቱን ያሳያል፤ ሽማግሌው ሁሉ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ያያል። አትሳቂ፤ እውነቴን ነው። አንድ ቤተሰብ ከጋበዘሽ እሺ በይ። ጠረጴዛው መሃል የሚቀመጠው የአሳማ ሥጋ ነው፤ ጾም ላይ ስለሆንሽ ክርክሩ ራሱ አይነሳም። ድንቹ፣ ቀዩ ጎመን፣ ዳቦው ይበቃሻል። የሚጋብዝሽ ከሌለ ደግሞ ከዲሴምበር መጀመሪያ አንስቶ ማን እንደሚቀር አጣሪ። ሕንዶች፣ ቻይናዎች፣ ኢራናውያን፣ የእኛው ልጆች ይቀራሉ። ከእነሱ ጋር አስቀድማችሁ እራት ቁረጡ። ብቻሽን ሁለት ሳምንት አትቀመጪ፤ ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ።

ገና ራሱ እንዲያውም ሳይታሰብ ተመቻችቶልሻል። ጃንዋሪ 6 በስዊድን የሕዝብ በዓል ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጥምቀት ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7። ስለዚህ ዋዜማው ዕረፍት ነው፤ ቀን ተኝተሽ ማታ ወደ ስቶክሆልም ለቅዳሴ መሄድ ትችያለሽ። ከኡፕሳላ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ቅዳሴው ሌሊቱን ስለሚዘልቅ የጠዋት ባቡር ይመልስሻል። ችግሩ ጃንዋሪ 7 ተራ የሥራ ቀን መሆኑ ነው። የመጸው መንፈቀ ዓመት የሚያልቀው በጃንዋሪ አጋማሽ በመሆኑ ፈተና ወይም የሚረከብ ጽሑፍ በዚያ ሳምንት ሊገጥምሽ ይችላል። የኮርሱ መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ የምታዪው ያን ቀን ይሁን። ፈተናው በዓሉ ላይ ከወደቀ መምህሩ እንዲቀይርልሽ አትጠብቂ። ድጋሚ ፈተና መቀመጥ ግን እዚህ አገር የተለመደ መብት ነው፤ እንደ ውድቀት አይታይም።

ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የኮሪደርሽን ልጆች ጋብዢ። ዶሮ ወጥ የሠራች ልጅ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አትረሳም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ቡና ስትቆዪ ጭሱ የእሳት ማንቂያውን ያስጮኸዋል። የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ ሕንፃው ሁሉ በፒጃማ በረዶ ላይ ይቆማል፤ ያለ ምክንያት ለተጠራበትም ክፍያው አንቺ ላይ ሊመጣ ይችላል። የተቆላ ቡና ተጠቀሚ፤ ቆልተሽ ካልሆነ አይሆንም ካልሽም ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አስነስተሽ፣ መስኮቱን ከፍተሽ፣ ትንሽ ትንሽ ቁዪ። ዕጣኑን ተዪው። ፍሎግስታ በሚባለው ሰፈር ቤት ከደረሰሽ ደግሞ በእኛ ሰዓት ማታ 4 ላይ ተማሪው በየመስኮቱ ወጥቶ ሲጮኽ አትደንግጪ። የቆየ ልማዳቸው ነው። አንቺም ክፈቺና ጩኺ፤ ከፈተና በፊት ያቀላል።

ልብስ። አገር ቤት ወፍራም ጃኬት ብለሽ ገንዘብሽን አታፍስሺ። እዚያ ደርሰሽ ሴፕቴምበር ላይ እንደ ሚሮርና ካሉ የሰልባጅ ሱቆች ግዢ። ከሥጋሽ ላይ የሚያርፈው ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። ጫማሽ ወፍራም ካልሲ የሚችል፣ ሰፋ ያለ ይሁን። መንገዱ በረዶ ሆኖ መስተዋት ሲመስል ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ምስማር ማሰሪያ አለ፤ የአሮጊት ነው ብለሽ አትናቂው። ጃኬትሽ ላይ ብርሃን የሚመልስ ሪፍሌክስ አንጠልጥዪ፤ ያለሱ በጨለማ ሾፌር የሚያይሽ በጣም ከቀረበሽ በኋላ ነው። ብስክሌትሽም ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ከሌለው በጨለማ መንዳት ሕገ ወጥ ነው።

ስለ ጤናሽ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ከኦክቶበር እስከ ማርች ድረስ በዚያ ኬክሮስ ያለው ፀሐይ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ አያስችለውም። የጠቆረ ቆዳ ደግሞ በበጋውም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የወተት ምርታቸው ቫይታሚኑ ይጨመርበታል፤ አንቺ ግን በጾም ወተት አትጠጪም። ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 10 ማይክሮግራም ነው፤ ኪኒኑ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። የሚያጽናናሽ ተአምር ግን አይደለም። ለስሜትሽ ይበልጥ የሚረዳሽ በቀትር፣ ደመናም ቢሆን፣ ግማሽ ሰዓት ውጭ መሄድና ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ደስታ ከራቀሽ፣ እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ ከክፍልሽ መውጣት ካቃተሽ የተማሪዎች ጤና ክፍል ደውዪ። የምክር አገልግሎቱ በነፃ ነው። የምትነግሪያቸው ነገር ሚስጥር ነው፤ መኖሪያ ፈቃድሽን የሚነካ ወሬ ከዚያ አይወጣም። ይሄን የምጠቅሰው ብዙ የእኛ ልጆች «ፈቃዴ ይሰረዛል» ብለው ስለሚደበቁ ነው። ፈቃድ ሲታደስ የሚታየው ትምህርትሽ መራመዱ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምሪ ለትምህርት ክፍሉ አማካሪ ቶሎ መንገሩ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም። ጸሎትሽን አትተዪ፤ ሐኪሙንም አትተዪ። ሌሊት ለጤና ምክር 1177፣ ለአስቸኳይ አደጋ 112 ነው።

ፌብሩዋሪ ሲገባ ብርሃኑ በየቀኑ ሲጨምር ይታወቅሻል። ያኔ ብርዱ ይጠናል፣ ሰማዩ ግን ይጠራል። ሐይቁ ሲጋገር የበረዶ መንሸራተቻ ይዘው ይወጣሉ። ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ካልወፈረ አትውጪበት፤ ብቻሽንም አትሂጂ። ከእነሱ ጾም በፊት ባለው ማክሰኞ ሴምላ ይበላል፦ ሄል ያለበት ዳቦ፣ ውስጡ የአልሞንድ ቅልቅልና ክሬም። የእነሱ ቅበላ በይው። ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ በ1771 የሞተው ይሄው ዳቦ ማሳረጊያ ከሆነበት ከባድ ግብዣ በኋላ ነው፤ በልኩ። የክረምቱ መዝጊያ ኤፕሪል 30፣ ቫልቦሪ ነው። ጠዋት ተማሪው ራሱ በሠራው ታንኳ በፊሪስ ወንዝ ይወርዳል፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ላይ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ፊት ሕዝቡ ነጭ የተማሪ ቆቡን እያውለበለበ ይደፋል። የዩኒቨርሲቲው ከተማ በዓመት አንድ ቀን ያብዳል ከተባለ ያ ቀን ነው።

አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1870ዎቹ መጨረሻ ለአምስት ዓመት ስዊድን፣ ዮሐኔሉንድ በሚባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሯል። ያኔ ስቶክሆልም አካባቢ የነበረው ትምህርት ቤት አሁን ኡፕሳላ ነው። ያለ አምፖልና ያለ ሪፍሌክስ አምስት ክረምት ማሳለፍ ምን እንደሚመስል አስቢው።

የሻንጣው ነገር ቀረ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመም፣ የተቆላ ቡና፣ ጀበና፣ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ያዢ። ቅቤና ቋንጣ አትያዢ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የወተትና የሥጋ ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም፤ ከተገኘ ይወረሳል። ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ወስደሽ የስዊድኑን ቅቤ እዚያው አንጥሪው። ለክረምት ልብስ ብለሽ የለየሽውን ገንዘብ ዘርዝረሽ ያዢ። አባልነቱን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሺ፤ ካፌው ውስጥ ለመሥራት መመዝገቢያው ያኔውኑ ይከፈታል።